ኡም ሳዑድ፦ ባሏን ተከትላ ኩዌት የገባች ሴት

ጁምዓ እረፍት ያላችሁ እህቶች በባሕሩ ዳር በኸሊጅ መንገድ ስታልፉ ሳታዩት አትቀሩም። ከሱቅ ሻርቅ አካባቢ፣ የድሮዎቹ የእንጨት ጀልባዎች ከሚቆሙበት ወደብ ፊት ለፊት፣ በትላልቆቹ ሕንፃዎች መሃል ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነጭ አሮጌ ቤት አለ። ዓረቦቹ በይት ዲክሰን ይሉታል። ዛሬ ሰው የሚጎበኘው ቤት ነው። ብዙዎቻችን በሩ ላይ ፎቶ ተነስተን እናልፋለን እንጂ የማን ቤት እንደነበር አንጠይቅም። ባሏን ለሥራው ብላ ተከትላ መጥታ ከ60 ዓመት በላይ ኩዌት የኖረች የአንዲት እንግሊዛዊት ቤት ነበር። ስሟ ቫዮሌት ዲክሰን ነው። የአገሩ ሰው ግን ኡም ሳዑድ ነበር የሚላት፤ የሳዑድ እናት ማለት ነው።

«የፈረንጅ ሴት ታሪክ ለኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የእሷ ኑሮና የእኛ ኑሮ ሰማይና ምድር ነው። ግን ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ቤት ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ቫዮሌት በ1971 ያሳተመችውን «አርባ ዓመት በኩዌት» የሚለውን መጽሐፍ በአረብኛ ትርጉሙ ለትምህርቷ ይዛው መጣች፤ ማታ ማታ ልብስ ስተኩስ አጠገቤ ቁጭ ብላ እየመረጠች አነበበችልኝ። ያልገባኝን ቃል ቀለል አድርጋ ትነግረኛለች። ስሰማ ልቤን የያዘው የሼሆቹና የመኮንኖቹ ነገር አይደለም። አንዲት ሴት በባሏ ሥራ ምክንያት የማታውቀው አገር ስትገባ ምን ይዛ ትቆማለች የሚለው ነው። ይህ ደግሞ የኛም ጉዳይ ነው። እዚህ ሙባረክ አል-ከቢር ውስጥ ባላቸው በሹፌርነት ቀድሞ ገብቶ እነሱ በቤት ሠራተኝነት የተከተሉ እህቶች አሉ። እኔም አንዷ ነኝ። ባሌ ጀህራ ይሠራል፣ እኔ ሳባሕ አል-ሳሊም።

(ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ እንዳይምታታ ብዬ የአገራችንንም ጭምር።)

መጀመሪያ ስለ ሰፈራችን ስም ትንሽ ልበል፤ ታሪኩ ከዚያ ስለሚነሣ። የምንኖርበት ሙሐፈዛ የተቋቋመው በ1999 ነው፣ ገና ልጅ ነው። ስሙን ያገኘው ግን ከ1896 እስከ 1915 ኩዌትን ከገዙት ከሼህ ሙባረክ አል-ሳባሕ ነው። አል-ከቢር ታላቁ ማለት ነው። እኚህ ሼህ በጥር 1899 ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራረሙ፤ ያለ እንግሊዝ ፈቃድ የሌላ መንግሥት ወኪል ላይቀበሉ፣ መሬትም ለሌላ መንግሥት ላይሰጡ። ከዚያ ውል በኋላ ነው እንግሊዞች በ1904 የመጀመሪያውን ወኪላቸውን፣ ኖክስ የሚባል ካፒቴን፣ ወደ ኩዌት የላኩት። ያ ነጭ ቤት የአንድ የኩዌት ነጋዴ ቤት ነበር፤ የወኪሉ ቢሮና መኖሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መኮንን ሲሾም ይገባበታል፣ ሲሻር ይለቀዋል። ሚስት ካለችውም አብራ ትገባለች፣ አብራ ትወጣለች። የኛ አገር ሰው «የመንግሥት ቤት» የሚለው ዓይነት ነው።

ሃሮልድ ዲክሰን የቫዮሌት ባል ነው። በ1881 ቤይሩት ተወለደ፣ አባቱ በዚያ ምድር በቆንስልነት የሚያገለግል ነበር። ሕፃኑ ሲወለድ የእናቱ ወተት አልበቃ አለ። ከዓኒዛ ጎሳ የሆነች የበዱ ሴት አጠባችው። ሃሮልድ ካደገም በኋላ ራሱን የዓኒዛ የጡት ወንድም አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ በበረሃው ሰዎች ዘንድም ይህ ነገር ከሹመቱ ያላነሰ ጠቅሞታል። ልጅቷ ይህን ስታነብልኝ ካውያውን አስቀምጬ ድገሚልኝ አልኳት። የሰው ልጅ ማጥባት ዝምድና ሆኖ የሚቆጠርበት አገር ነው ያለነው። ያጠባነው ባይኖርም ያዘልነው፣ ያጠብነው፣ ያስተኛነው ስንት አለ።

ቫዮሌት የተወለደችው በ1896 በእንግሊዝ ገጠር፣ ሊንከንሻየር በሚባል አውራጃ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ አገር ማርሴይ ከተማ ባንክ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሃሮልድ በዚያ ሲያልፍ አገኛት። ብዙም ሳይቆይ በ1920 ሕንድ አገር ተጋቡ። ልብ በሉ፣ ይህች ሴት የራሷ ሥራና የራሷ ደመወዝ የነበራት ናት። ያንን ትታ ነው የተከተለችው። ከዚያ ኢራቅ፣ ከዚያ ሕንድ፣ ከዚያ በፋርስ በኩል ያለው ቡሽህር፤ ሹመቱ በተቀየረ ቁጥር ሻንጣ። በ1929 በግንቦት ወር ሃሮልድ ለኩዌት ወኪል ሆኖ ሲሾም በመርከብ መጡ። ዕድሜዋ 32 ነበር፣ ሁለት ልጆች አሏት።

ያን ጊዜ ኩዌት ምን ነበረች? ዘይት የለም። በጭቃ ግንብ የታጠረች የባሕር ከተማ ናት። ግንቡ በ1920 ተሠርቶ በ1957 ፈረሰ፤ በሮቹ ግን ዛሬም ቆመዋል፣ ሸራተን አደባባይ ላይ ያለው የጀህራ በር አንዱ ነው። የሚጠጣው ውኃ ከሻት አል-ዓረብ በጀልባ ተጭኖ ይመጣ ነበር። ኤሌክትሪክ በየቤቱ የለም። በበጋ ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ ይተኛል። በግንቦት የገባ ሰው ከፊቱ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ እንዳለበት እኛ እናውቃለን። ያለ ኤሲ! እኔ መጀመሪያ ስመጣ ከአውሮፕላን ጣቢያው ስወጣ የመኪና ጭስ ፊቴ ላይ የተነፈሰብኝ መስሎኝ ዞር ብዬ አይቻለሁ፤ አየሩ ራሱ ነበር።

የአገሩ ኑሮ ደግሞ በዕንቁ ላይ ነበር የተመሠረተው። ወንዶቹ በበጋ አራት ወር ያህል ባሕር ላይ ናቸው፤ ይጠልቃሉ፣ ገመድ ይስባሉ። ሚስቶቻቸው በየቤቱ ይጠብቃሉ። የመመለሻው ጊዜ ሲደርስ ሴቶቹ ወደ ባሕሩ ዳር ወርደው ባሕሩን ወንዶቻችንን መልስልን እያሉ የሚለምኑበት ልማድ ነበራቸው። እንግዲህ ቫዮሌት የገባችው ባል ለሥራ የሚሄድበት፣ ሚስት የምትቀርበት አገር ነው። እሷ ግን አብራ የሄደች ናት። የኩዌት ሴቶች ሳይገርማቸው የቀረ አይመስለኝም። ወዲያውም ጃፓኖች ዕንቁን በእርባታ ማምረት ጀመሩና፣ የዓለም ንግድም ወደቀና፣ ያ ሁሉ ሥራ በ1930ዎቹ ተንኮታኮተ። የዛሬዎቹ ሀብታሞች አያቶች ያኔ በዕዳ የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ይህን ማወቅ ለኔ ጥሩ ነው፤ የቤቱን ሰዎች በሌላ ዓይን ያሳየኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመኮንን ሚስት ሆና ቤት ውስጥ መቀመጥ ትችል ነበር። የውጭ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ካሉትም ዋናዎቹ የአሜሪካ ሚሲዮን ሐኪሞች ናቸው። ከሚሲዮኖቹ መካከል ከቫዮሌት በፊት የመጣች ሌላ ሚስት ነበረች፣ ዶክተር ኤሊኖር ካልቨርሊ። በ1912 ከሚሲዮናዊ ባሏ ጋር ኩዌት መጥታ ሴቶችን ታክም ነበር። እሷ ሐኪምነቷን ይዛ ነው የመጣችው፤ ገና በሩን ሳታንኳኳ የሚፈልጋት ሰው አለ። ቫዮሌት እንደዚያ አይደለችም። የባንክ ሥራዋ ኩዌት ውስጥ ምንም አይሠራላትም።

የያዘችው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ቋንቋ። ባሏ አረብኛ ያውቅ ነበር፣ እሷም የበዱዎቹን አነጋገር ጭምር ለመደች። ሁለተኛው ሴትነቷ ነው። ባሏ የፈለገውን ያህል የጡት ወንድም ቢሆን ወደ ሴቶቹ ክፍል አይገባም፤ መጋረጃው ለወንድ የተዘጋ ነው። ለእሷ ግን ክፍት ነው። በከተማ የሼሆቹ ሴቶች ቤት፣ በበረሃ ከጥቁሩ ድንኳን የሴቶቹ ወገን ትቀመጣለች። ሃሮልድ በ1949 ስለ በረሃው ዓረብ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል፣ የሴቶች ኑሮ፣ የልጅ አስተዳደግ፣ የድንኳን አሠራር ሳይቀር ያለበት። የኔን ግምት ልናገር፣ እሷ ባትኖር ግማሹን አያውቀውም ነበር። በሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የሱ ነው።

ከዚያ ደግሞ የራሷን ነገር አገኘች። በጸደይ፣ ዝናብ ጥሎ በረሃው ለጥቂት ሳምንት አረንጓዴ ሲሆን፣ ድንኳን ተክለው ይሰፍሩ ነበር። እሷ ዕፅዋት መልቀም ጀመረች። ስማቸውን ከበዱዎቹ ትጠይቃለች፤ የትኛውን ግመል ይበላዋል፣ የትኛው መድኃኒት ነው፣ የትኛው ይታጠንበታል። አድርቃ ለንደን ኪው ወደሚባለው የዕፅዋት ማዕከል ትልካለች። ከላከቻቸው አንዱ ሊቃውንቱ የማያውቁት ሆኖ ተገኘና በእሷ ስም ጠሩት፣ ሆርዉዲያ ዲክሶኒያ። የኩዌት ሰው ኹዛማ ይለዋል፤ ሐምራዊ የሆነ፣ ሽታው ደስ የሚል የበረሃ አበባ ነው። በ1955 ስለ ኩዌትና ባሕሬን የዱር አበቦች መጽሐፍ አሳተመች። የዚህ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለው ስም የራሷ ነው። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል፤ እሷ የመጣችው ከሌላ አገር ቢሆንም ያገሩን ሰርዶ በስም በስሙ አወቀችው።

ይህን ስሰማ የታወሱኝ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ጣይቱም እኮ በባላቸው ሹመት አገር የለወጡ ሴት ናቸው። የበጌምድርና የሰሜን ሰው ናቸው፤ በ1883 ከምኒልክ ጋር ተጋብተው ሸዋ ገቡ። የሸዋ መኳንንት እንደ እንግዳ፣ እንደ ሰሜን ሰው ነበር የሚያዩአቸው፣ አንዳንዱም አላመናቸውም። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ጋራ ላይ ነበር፤ ብርድ፣ ነፋስ፣ ማገዶው የራቀ። ጣይቱ ወደ ታች ፍል ውኃ ይወርዱ ነበር። በ1886 ምኒልክ ወደ ሐረር ሲዘምቱ እሳቸው እዚያው ፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየተከተሉ ሠሩ። ጋራው የባልየው ነበር፤ ሜዳው የእሳቸው ሆነ። አሁን የኛ ኤምባሲ ወረቀት ላይ፣ የፓስፖርታችን ማኅተም ላይ የምናነበው ስም በባሏ አገር መኖሪያ የፈለገች ሴት ያወጣችው ስም ነው።

ደግሞ ስለ እቴጌዎች ብቻ አይወራም። በዚያ ዘመን የወታደሩ ሚስት ከዘማቹ ጋር ነበር የምትሄደው። ባል ጠመንጃና ጋሻ ይይዛል፤ እሷ ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ስንቁን፣ ልጇንም። ማታ ሠራዊቱ ሲሰፍር የሱ ሥራ ያበቃል፣ የእሷ ይጀመራል። ትፈጫለች፣ ትጋግራለች። ሠራዊቱ በደቡብ በየጋራው ላይ ሰፍሮ ሲቀር እሷም አብራ ቀረች። ከተማ የሚለው ቃላችን ራሱ ከዚያ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ የጦር ሰፈር ነበር። ዛሬ «ከተማ ገባሁ» ስንል የነዚያን ሴቶች ምድጃ እየጠራን ነው። የማንኛቸውም ስም አልተጻፈም። ከነሱም በታች ወፍጮው ላይ የነበሩ ባሮች ነበሩ፤ እነሱን ደግሞ ማንም ተከተሉን አላላቸውም፣ ተነዱ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። እኛ ሐበሾች ወደ ባሕረ ሰላጤው መምጣት የጀመርነው በኤጀንሲ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊትም በእነዚህ አገሮች ቤቶች ውስጥ በልጅነታቸው ከኢትዮጵያ ተሰርቀው በቀይ ባሕር የተሻገሩ ሴቶችና ወንዶች በባርነት ነበሩ። በባሕረ ሰላጤው የነበሩት የእንግሊዝ ወኪሎች ቢሮዎች ከሥራቸው አንዱ ከጌታው ያመለጠ ባሪያ ሲመጣ ቃሉን ተቀብለው የነጻነት ወረቀት መስጠት ነበር። በነዚያ መዝገቦች ውስጥ የኛ አገር ሰዎች አሉ፤ እንዴት እንደተሰረቁ፣ ማን ለማን እንደሸጣቸው የተናገሩት ሦስት አራት መስመር ሆኖ ተጽፏል። ስለ አንዲት ሴት ኑሮ ሦስት አራት መስመር። ቫዮሌት ስለ ኑሮዋ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈች። ይህን የምለው እሷን ለመንቀፍ አይደለም። ጊዜ ነበራት፣ ወረቀት ነበራት። የወኪሉ ቤት ደግሞ አገልጋዮች ነበሩት። እሷ አበባ ልትለቅም በረሃ ስትወርድ ቤት ውስጥ የሚያበስልና የሚጠርግ ሰው አለ። የለመደ ሰው ታሪክ ስናነብ ማን እየሠራለት ለመደ ብለን መጠየቅ የኛ ሙያ ነው፤ ሌላው ሰው ላይጠይቀው ይችላል።

በ1936 ሃሮልድ ከመንግሥት ሥራው ወጣ። እንደ ደንቡ ከሆነ ሻንጣ ነው። እሱ ግን የኩዌት ዘይት ኩባንያ ወኪል ሆኖ እዚሁ ቀረ፣ ቤቱም የነሱ መኖሪያ ሆኖ ቀጠለ። በ1938 ቡርጋን ላይ ዘይት ወጣ፤ ጦርነቱ አቆየውና የመጀመሪያው ጭነት የተላከው በ1946 ነው። ከዚያ ወዲያ ነው ባላቸውን የተከተሉ ሴቶች በብዛት የመጡት። ኩባንያው አሕመዲን ሠራ፤ ከኛ ወደ ደቡብ ያለችውን፣ ዛፍ የበዛባትን ከተማ። ለእንግሊዞቹ ግቢ ያለው ቪላ፣ ክበብ፣ መዋኛ። ለሕንድና ለፓኪስታን ጸሐፊዎች ሌላ ሰፈር፣ ለዓረብ ሠራተኞች ሌላ። ቤትህ የሚለካው በደረጃህና በመጣህበት አገር ነው። ሚስት ይዞ የመምጣት ነገርም እንደዚያው። አንዳንዱ ከነሚስቱ ተጋበዘ፣ አንዳንዱ ጉልበቱ ብቻ ተጠራ።

ያ ነገር ዛሬ በሕግ ቁጥር ሆኗል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ግን ልጻፈው። በኩዌት ለሥራ የመጣ ሰው ሚስቱን የሚያመጣው በማዳ 22 ነው፤ የቤተሰብ ኢቃማ የሚባለው። በ2024 መጀመሪያ የወጣው ደንብ ለዚህ 800 ዲናር ደመወዝ ይጠይቃል። የኛ የቤት ሠራተኞችና የቤት ሹፌሮች ኢቃማ ማዳ 20 ነው። ለኛ በ2016 የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ 60 ዲናር ነው። በ60 እና በ800 መካከል ያለውን መንገድ በእግሩ የሚጨርሰው የለም። ስለዚህ የሹፌር ሚስት ባሏን መከተል ከፈለገች አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ እሷም ማዳ 20 ሆና፣ ለማያውቋት ሰዎች ቤት ተቀጥራ መምጣት። ወረቀቷ ላይ የእገሌ ሚስት አይልም። የእገሌ ቤት ሠራተኛ ይላል።

እኔ እንዲህ ነው የመጣሁት። ባሌ ከሐይቅ፣ ከወሎ፣ ቀድሞኝ መጣ፤ ጀህራ ገባ። ከዓመት በኋላ ልጃችንን ለናቴ ሰጥቼ ተከተልኩ። የላከኝ ኤጀንሲ ሰው «ጀህራ ነው የምትገቢው፣ ጎረቤት ናችሁ» ብሎኝ ነበር። ስደርስ መክተቡ ለሌላ ቤት ሰጠኝ። ጀህራ በምዕራብ፣ እኛ በደቡብ፤ መሃላችን ከተማው ሙሉ ነው። መጀመሪያ የነበርኩበት ቤት ስምንት ወር እረፍት አልነበረኝም። በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይሰጣል፣ በቀንም ከ12 ሰዓት በላይ አይሠራም ይላል፤ ይህን ያወቅሁት ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ ነው። በነዚያ ስምንት ወራት ባሌን ሁለት ጊዜ አየሁት። አንድ አገር ሆነን በስልክ ነበር የምንኖረው። ሐይቅ ሆኜ ስናወራና እዚህ ሆኜ ስናወራ የተለወጠው የካርዱ ዋጋ ብቻ ነው።

ስም ደግሞ አለ። ቫዮሌት ስሟ በልጇ ተለወጠ፣ ኡም ሳዑድ ተባለች፤ ይህ እዚህ አገር የክብር መጠሪያ ነው። እኔን የመጀመሪያዋ ማዳም ስሜ አልያዝላት ሲል ከኔ በፊት በነበረችው ልጅ ስም ጠራችኝ። እሷም በስሟ ስትጠራ ዞር ማለት ለመድኩ። እኔም የልጅ እናት ነኝ እኮ፤ እንደነሱ ልማድ ቢሆን «ኡም» ተብዬ መጠራት ነበረብኝ። ቋንቋም እንደዚያው ነው። ለእንግዳ የመጀመሪያው አረብኛ «ተፈደሊ» ነው፣ ግቢ፣ ተቀመጪ። ለኛ የመጀመሪያው «ጂቢ» ነው፣ አምጪ። ቀጥሎ «ሺሊ»፣ አንሺ። አንድ ዓመት ሙሉ ትእዛዝ ብቻ የሆነ አረብኛ ነበር የማውቀው። ባሌን ስጠይቀው የሱም እንደዚያው ነው፤ «ሩሕ»፣ «ወገፍ»፣ ሂድ፣ ቁም።

አሁን ያለሁበት ቤት ይሻላል። ጁምዓ እወጣለሁ። ልጅቷ መጽሐፉን ስታነብልኝ ፊደሉን አሳዪኝ አልኳት፤ አሊፍ፣ ባ እያልን ጀመርን። አሁን የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለውን፣ የመንገድ ሰሌዳውን፣ የራሴን ኢቃማ አነባለሁ። ጣሪያ ላይ በሰበርኩት ባልዲ ጤና አዳም ተክያለሁ፤ ማዳም መጀመሪያ ምንድነው ብላ ነበር፣ አሁን እሷም ቡናዋ ላይ ትጠይቀኛለች። ትንሽ ነገር ነው። ግን ባሌ የሰጠኝ አይደለም፣ የሱ ከፊልም የኔ ከፊልም የሰጡኝ አይደለም። ቫዮሌት የኹዛማዋን ቅጠል ስታደርቅ እንዲህ ተሰምቷት ይሆን ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄው የሚመጣው ሥራው ሲያልቅ ነው። ሃሮልድ በ1959 እዚሁ ኩዌት ሞተ። ቫዮሌት 62 ዓመቷ ነበር። የተከተለችው ሰው የለም፣ ያመጣት ሥራ የለም፤ አገሯ አለ። አልሄደችም። በዚያው ነጭ ቤት ተቀመጠች፣ ግንቡ ፈርሶ ከተማው ዙሪያዋን ሲያድግ፣ ኩዌት በ1961 ነጻ ስትወጣ፣ የእንግሊዝ ንግሥት በ1976 ዴም የሚለውን ማዕረግ ስትሰጣት፣ እንግዳ ስትቀበልና ቡና ስታቀርብ። ሌሎች ይህ ዕድል አልነበራቸውም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ መምህርና መሐንዲስ ሆነው የመጡ ፍልስጥኤማውያን ሚስቶቻቸውን አምጥተው፣ ልጅ ወልደው፣ ከ300 ሺህ በላይ ሆነው ነበር። ከ1991ዱ ጦርነት በኋላ አብዛኞቹ ለቀው መውጣት ግድ ሆነባቸው። እዚህ ተወልዳ እዚህ ያገባች ሴት ሳትቀር።

ያ ጦርነት ቫዮሌትንም አገኛት። ነሐሴ 2 ቀን 1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር እሷ 93 ዓመቷ ነው፣ ታማለች። በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ ተወሰደች፤ በጥር 1991 እዚያው አረፈች። ኩዌት ነጻ የወጣችው በሚቀጥለው ወር ነው። በዚያ የካቲት በ24ኛው ቀን ነው እዚሁ ሙሐፈዛችን ቁረይን ውስጥ ዛሬ የሰማዕታት ቤት የሚባለው ቤት የተመታው፤ ሄዳችሁ እዩት፣ ጥይቱ የበሳው ግድግዳ እንዳለ ነው። የቫዮሌትም ቤት በወረራው ተዘርፎ ነበር፣ በኋላ ታደሰ።

የኔ ኮንትራት በመጪው የካቲት ያልቃል። የባሌ ቤት ሁለት ዓመት ሊያድስለት ነው። እሱ አድሺ ይላል፤ ልጃችን ደግሞ በስልክ ድምፄን ትለየዋለች፣ ፊቴን ግን ከአክስቷ ፊት ጋር ታምታታለች። ባለፈው ጁምዓ ይህን እያነሣን እየጣልን በኸሊጅ መንገድ ስንሄድ ባሌን ወደ በይት ዲክሰን አስገባሁት። የግድግዳውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየ። በሩ ላይ ያለውን አረብኛ እኔ አነበብኩለት። ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ፤ «አብረው ነው የተቀበሩት?» አለኝ። እሱ ኩዌት እንደሞተ፣ እሷ እንግሊዝ እንደሞተች ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ የጀህራው አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሰዓቱን አየ።